ንባቡ ከየት ይነሣል? ስለ እንግዳ ምልክቶች፣ ስለ አንድ የኮምፒዩተር ቋንቋና ስለ ተማሪዎቻችን

እስቲ አንባቢ የሚከተለውን መስመር ለአንድ አፍታ ይመልከት።

+/(2|13 6 3 1)/12 24 48 96

ይህንኑ መስመር ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ጽፌ «ምን ይላል?» ስል ጠየቅኋቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቆይቶ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ስሕተት አለበት፤ ከመደመር ምልክት ቀጥሎ የማካፈል ምልክት ሊመጣ አይችልም» አለች። መልሷ ትክክል ባይሆንም የሚናቅ አልነበረም። የምታውቀውን ሰዋስው በማታውቀው ጽሑፍ ላይ ሞክራ አለመግጠሙን ለይታለች። ያሳሰበኝ ሌላው ነው። ከኋላ የተቀመጠ፣ ከገጠር ትምህርት ቤት የመጣና በወትሮው ትጉህ የሆነ አንድ ልጅ መስመሩን አየት አድርጎ ደብተሩን ዘጋ። ከክፍል ስንወጣ ምክንያቱን ብጠይቀው «ይህ ለእኛ አይደለም ብዬ ነው» አለኝ።

አባባሉ ለዚያች አንዲት መስመር ብቻ የተነገረ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁ ነበር። ልጁ ይህንኑ ቃል ስለ ኢንተግራል፣ ስለ ቬክተር፣ ስለ ማክስዌል እኩልታዎችም በልቡ ሲለው እንደ ቆየ ከሁኔታው ተረድቻለሁ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.2 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ አንባቢ ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህም በአማራ ክልል በተከሠተው ግጭት ምክንያት ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። የውድቀቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ የመምህራን፣ የመጻሕፍት፣ የሰላምና የእንጀራም ጉዳይ አለበት። እኔ እዚህ የማነሣው ከእነዚህ ሁሉ ያነሰና በእጃችን ያለ አንድ ነገር ነው። እኛ የሳይንስ መምህራን ምልክት ማንበብን አናስተምርም። እያንዳንዱ ምልክት ምን ማለት እንደ ሆነ እንናገራለን፤ የምልክቶች ረድፍ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደሚነበብ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚተሣሠር ግን ተማሪው ራሱ እንዲደርስበት እንተወዋለን። የደረሰበትን ጎበዝ፣ ያልደረሰበትን ደካማ እንለዋለን።

መስመሩ የተጻፈበት የኮምፒዩተር ቋንቋ ኤ.ፒ.ኤል. ይባላል። ስያሜው ሲፈታ «አንድ የፕሮግራም ቋንቋ» ከማለት የዘለለ ትርጉም የለውም። የቋንቋው አባት ኬኔት አይቨርሰን የተባለ ካናዳዊ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1920 በአልበርታ ክፍለ ሀገር ተወልዶ በእርሻ ላይ ያደገ ሰው ነው። በልጅነቱ የተማረው አንዲት ክፍል ብቻ ባላት የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። ከ9ኛ ክፍል በኋላ ትምህርቱን አቋርጦ በእርሻ ሥራ ቆየ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በወታደርነት ሳለ በተልእኮ ትምህርት የቀረውን ተማረ። በ1954 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። እዚያው ሲያስተምር የተለመደው የሂሳብ አጻጻፍ ለሚያስተምረው ነገር አልበቃ ስላለው ለሰሌዳ የሚሆን የራሱን የምልክት ሥርዓት ማበጀት ጀመረ። እንግዲህ ኤ.ፒ.ኤል. ሲወለድ የኮምፒዩተር ቋንቋ ሳይሆን የአንድ መምህር የሰሌዳ ጽሑፍ ነበር። መጽሐፉ በ1962 ታተመ፤ ምልክቶቹ በኮምፒዩተር ላይ መሥራት የቻሉት ግን አራት ዓመት ያህል ዘግይተው፣ አይቨርሰን በተቀጠረበት በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ነው። በ1979 በኮምፒዩተር ሳይንስ ታላቁ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበል ያደረገው ንግግርም ምልክት የማሰቢያ መሣሪያ ስለ መሆኑ ነበር። በ2004 እስኪሞት ድረስ ከዚህ ሐሳብ አልተለየም።

ምልክቶቹ በተራ የጽሕፈት መኪና ላይ ስላልነበሩ አይ.ቢ.ኤም. ለዚሁ ሲል ልዩ የፊደል ኳስ ሠርቶ በመኪናዎቹ ላይ ገጠመ። ኢንጂነር አያና ብሩና ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ባለሙያዎች የአማርኛን ፊደል በጥቂት ቁልፎች ላይ ለማስፈር የደከሙትን ድካም ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ታሪክ አይሆንበትም። በነገራችን ላይ የኤ.ፒ.ኤል. ምልክቶች በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ በዩኒኮድ ውስጥ የገቡት ከግዕዝ ፊደል ቀድመው ነው፤ የእኛ ፊደል የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚጽፍበት ፊደል ከጥቂት የሂሳብ ሰዎች ምልክት ኋላ መሰለፉ እስከ ዛሬ ያስቆጨኛል።

እኔ ከዚህ ቋንቋ ጋር የተዋወቅሁት በውጭ አገር ለዶክትሬት ዲግሪ ስማር ነው። በቤተ ሙከራችን የጨረር መለኪያውን ንባብ የሚያርመው ፕሮግራም እኔ ከመምጣቴ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ ጡረታ በወጡ አንድ ተመራማሪ በኤ.ፒ.ኤል. የተጻፈ ነበር። የተሰጠኝ ሥራ ያንን ፕሮግራም ወደ ተለመደ ቋንቋ መመለስ ነው። ከመስመሮቹ አንዱ፣ ስሞቹን በእኛ ፊደላት ብተካቸው፣ እንዲህ ይላል፤

ሀ-ለ-መ

ሀ የናሙናው ንባብ ነው። ለ ናሙናው በሌለበት የተወሰደ የአካባቢው ጨረር ንባብ ነው። መ ደግሞ መሣሪያው ምንም ጨረር ሳይነካው ራሱ የሚያሳየው መነሻ ቁጥር ነው። ከመስመሮቹ ሁሉ ይህ የቀለለ መሰለኝ፤ አዲስ ምልክት የለበትምና። ሳላመነታ እንደ ተለመደው ሂሳብ ከግራ ተነሥቼ ከሀ ላይ ለን፣ ከቀሪው ላይ መን የሚቀንስ አድርጌ መለስሁት። ኤ.ፒ.ኤል. ግን ከግራ አይነሣም። በዚያ ቋንቋ ማባዛት ከመደመር ይቀድማል የሚባል ሕግ እንኳ የለም፤ እያንዳንዱ የስሌት ምልክት በቀኙ ያለውን ሁሉ ጠቅልሎ ይወስዳል። ስለዚህ አስቀድሞ ከለ ላይ መ ይቀነሳል፤ የተገኘው ውጤት ደግሞ ከሀ ላይ ይቀነሳል። ተመራማሪው እንዲህ የጻፉት አውቀው ነበር። የናሙናው ንባብ የመሣሪያው መነሻ ቀድሞ የተቀነሰለት ሲሆን የአካባቢው ጨረር ንባብ ግን መነሻውን እንደ ተሸከመ ነበር። ሀ 900፣ ለ 250፣ መ 40 ቢሆን ትክክለኛው ውጤት 690 ነው። የእኔ ፕሮግራም የሚሰጠው ግን 610 ነው።

ሰባት ወር ሙሉ በዚህ ስሕተት ላይ ግራፍ ስሥል ከረምሁ። የደረስሁበትም ለጉባኤ ያዘጋጀሁትን ጽሑፍ ልልክ ጥቂት ቀናት ሲቀሩኝ፣ አሮጌውንና አዲሱን ፕሮግራም በአንድ ንባብ ላይ ጎን ለጎን ባስኬድኋቸው ጊዜ ነው። ልዩነታቸው ሁልጊዜ የመ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ጽሑፉን ሳልልክ ቀረሁ፤ አማካሪዬም ፊታቸው ለብዙ ሳምንታት አልተፈታልኝም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ያሰብሁበት ነገር አለ። በፕሮግራሙ ውስጥ የነበሩትን ባዕድ ምልክቶች በፍርሃት ስለ ቀረብኋቸው አንድ በአንድ አጣርቼ በትክክል አንብቤያቸዋለሁ። የጣለኝ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የማውቀው የመቀነስ ምልክት ነው።

የተወለድሁት በምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ገበያ በሚወጣበት አገር ነው። አገሩ የቅኔና የዜማ አገር መሆኑ የታወቀ ነው፤ የዋሸራ የቅኔ ጉባኤ ዝና ከጎጃም አልፎ የተሰማ ነው። እኔ የአስኳላ ልጅ ነበርሁ። የአክስቴ ልጅ ግን ዜማ ይማር ስለ ነበር አልፎ አልፎ መጽሐፉን ገልጦ ያሳየኛል። ከግዕዙ ንባብ በላይ ነጠብጣቦች፣ ቅስቶች፣ ሰረዞችና ጥቃቅን ፊደላት ሰፍረውበታል። ስማቸውን እንደ ውዳሴ ይደረድራቸው ነበር፤ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ቁርጥ፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ድርስ፣ አንብር። ስምንቱን ቅዱስ ያሬድ እንደ ሠራቸው፣ ድርስና አንብር ግን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559) በነበሩት በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተጨመሩ ሊቃውንቱ ይተርካሉ። የዜማን ታሪክ ያጠኑ የውጭ ተመራማሪዎችም ምልክቶቹ በብራና ላይ በጽሑፍ መታየት የሚጀምሩት ከዚያው ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ነው ይላሉ። ጥቃቅኖቹ ፊደላት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ተማሪው በልቡ ከያዘው የድጓ ቃል የተቀነጨቡ ናቸው። ተማሪው ሲያያቸው «ይህ ስፍራ እንደዚያ ቃል ይዜማል» ብሎ ያውቃል።

ያን ጊዜ ያላስተዋልሁት የማስተማሪያውን ዘዴ ነው። የኔታ የምልክቶቹን ዝርዝር በመጀመሪያው ቀን አጽፈው አያሰናብቱም። ያዜማሉ፤ ተማሪው ይከተላል፤ ጣቱ በመስመሩ ላይ ይሄዳል። ሲሳሳት ካቆመበት ሳይሆን ከሐረጉ መነሻ ያስጀምሩታል። ምልክት፣ ድምፅና ጣት አብረው ስለሚሄዱ «ይህ ለእኛ አይደለም» ለማለት ጊዜ አይገኝም።

ከውጭ አገር ለዕረፍት በመጣሁ ጊዜ፣ ያቺ የመቀነስ መስመር ከነቁስሏ በልቤ ነበረችና፣ ዛሬ መሪጌታ ለሆነው ለዚሁ የአክስቴ ልጅ ከኤ.ፒ.ኤል. ፕሮግራሙ ጥቂት መስመሮች በወረቀት ላይ ጽፌ አሳየሁት። አልገባውም፤ ሊገባውም አይችልም ነበር። ነገር ግን ወረቀቱን ከመመለሱ በፊት «ንባቡ ከየት ይነሣል? ይህ ምልክት የሚያዘው ከፊቱ ያለውን ነው ወይስ ከኋላው ያለውን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ሰባት ወር ሙሉ ያልጠየቅሁት ይህንኑ ነበር።

ይህን ስል ንጽጽሩን ከልኩ በላይ መግፋት አልሻም። ሁሉም ሳይንስ ከአባቶቻችን ዘንድ ነበረ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የዜማ ምልክት አስታዋሽ ነው፤ ዜማውን ከመምህር ቃል ያልሰማ ሰው ከምልክቱ ብቻ ሊያወጣው አይችልም። የሂሳብና የኮምፒዩተር ምልክት ግን ማንም ተናግሮት የማያውቀውን አዲስ ዐረፍተ ነገር እንኳ ሕጉን ለሚያውቅ ሁሉ አንድ አድርጎ ያስነብባል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከየኔታ ልንወስድ የምንችለው ሳይንሱን ሳይሆን የንባብ አስተማሪነታቸውን ነው።

ለኤ.ፒ.ኤል. ጠባይ የበለጠ የሚቀርብ ምሳሌ የምፈልግ ብሆን ወደ ራሱ ወደ አማርኛ እሄዳለሁ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን እንደማያሳይ የታወቀ ነው። «ገና ገና ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንውሰድ። በጽሑፍ ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው። አንባቢ ግን የፊተኛውን አጥብቆ በዓሉን፣ የኋለኛውን አላልቶ ጊዜው አለመድረሱን ይረዳል። ይህን የነገረው ምልክት የለም፤ ቃሉ የቆመበት ስፍራና ጎረቤቱ ናቸው የነገሩት። አማርኛ የሚያነብ ሰው ይህን ሥራ በቀን ብዙ ጊዜ ሳይታወቀው ይሠራዋል።

የኤ.ፒ.ኤል. ምልክቶችም እንዲሁ ሁለት ሁለት ንባብ አላቸው። የማካፈል ምልክት በግራውም በቀኙም ቁጥር ሲኖር ያካፍላል፤ 8÷4 ብንል 2 ይሆናል። ግራው ባዶ ሲሆን ግን ቁጥሩን ይገለብጠዋል፤ ÷4 ማለት ሩብ ነው። የመቀነስ ምልክትም ግራው ባዶ ከሆነ አሉታዊ ማድረጊያ ይሆናል። ያ ተማሪዬን ያሳሳታት ዘንበል ያለ ሰረዝ ደግሞ ከማካፈል ጋር ዝምድና የለውም። በግራው የስሌት ምልክት ካለ ያንን ምልክት በቀኝ ባሉት ቁጥሮች መካከል ሁሉ ያስገባዋል። በግራው ቁጥሮች ካሉ ደግሞ መራጭ ይሆናል፤ ከቀኝ ካሉት ውስጥ በ1 አንጻር ያለውን ያስቀራል፣ በ0 አንጻር ያለውን ይጥላል። በሰሌዳው ላይ በነበረው መስመር ሁለቱም ሰረዞች ይገኛሉ፤ የኤ.ፒ.ኤል. «ገና ገና ነው» ማለት ነው።

አሁን መስመሩን ከቀኝ ተነሥተን እናንብበው። 12፣ 24፣ 48ና 96 ጎን ለጎን የተጻፉ አራት ቁጥሮች ቢሆኑም ለቋንቋው እንደ አንድ ዕቃ ናቸው። በግራቸው ሰረዝ አለ፤ ከሰረዙ ግራ ደግሞ ቅንፍ አለ። ቅንፉን እንፍታው። በውስጡ ያለው ቀጥ ያለ ሰረዝ ቀሪ አውጪ ነው፤ 13፣ 6፣ 3ና 1 ለ2 ሲካፈሉ የሚተርፈውን ይሰጣል። እርሱም 1 0 1 1 ነው። እንግዲህ ከሰረዙ ግራ ያሉት ቁጥሮች ናቸውና ሰረዙ መራጭ ነው፤ 24ን ጥሎ 12፣ 48ና 96ን ያስቀራል። በመጨረሻ የመደመር ምልክትና ሁለተኛው ሰረዝ ይመጣሉ፤ መደመርን በመካከላቸው ያስገባሉ፤ ድምሩ 156 ይሆናል።

156 ደግሞ 13 በ12 ሲባዛ የሚገኘው ነው። አንባቢ ቁጥሮቹን መልሶ ቢመለከት 13 ቀሪው እየተጣለ በግማሽ በግማሽ ሲወርድ፣ 12 ደግሞ እጥፍ በእጥፍ ሲወጣ ያያል። ከግማሾቹ መካከል ጎዶሎ በሆኑት አንጻር ያሉትን እጥፎች ብቻ ብንደምር ብዜቱ ይገኛል። ምክንያቱም 13 የ1፣ የ4 እና የ8 ድምር ነው፤ ጎዶሎዎቹ የሚጠቁሙትም እነዚህኑ ነው። ዘዴው በውጭ አገር የሂሳብና የፕሮግራም ትምህርት «የኢትዮጵያ ማባዣ» በሚል ስም ይታወቃል፤ ሌሎች «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዣ» ይሉታል፤ በእጥፍ የማባዛት ሥርዓት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ አሕሞስ በተባለው ግብፃዊ ጸሐፊ ፓፒረስ ላይም ይገኛል። ለስሙ ማስረጃ ተብሎ የሚተረከው ከብት ሊገዛ ስለ ወጣ አንድ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ነው። እኔ ቡሬ ገበያ ያደግሁ ሰው ስሆን ከብት ሻጭ እንዲህ ሲያሰላ አይቼ አላውቅም፤ ቢሆንም ስሙን አልመልስም።

ጥቂት መልመድ የሚሻ አንባቢ ሙሉውን መስመር ራሱ ይሞክረው፤

+/(2|⌊13÷1 2 4 8)/12×1 2 4 8

እግሩ ወደ ቀኝ የታጠፈው ምልክት ክፍልፋዩን ጥሎ ሙሉውን ቁጥር ያስቀራል። ሌላው ሁሉ ከላይ የተነገረው ነው።

ከሁሉም በላይ ለእኛ የሚጠቅመው ነገር የሚመስለኝ ግን የሚከተለው ነው። በእንግሊዝኛ ድምር የሚለው ቃል ከሚደመሩት ነገሮች ይቀድማል፤ ዘመናዊው የሂሳብ አጻጻፍም ይህንኑ ተከትሎ ሥራውን በፊት፣ የሚሠራበትን ነገር በኋላ ያስቀምጣል። አማርኛ ተቃራኒ ነው። «የ9 ስኩዌር ሩት»፣ «የአንግሉ ሳይን»፣ «የእነዚህ ቁጥሮች ድምር» እንላለን፤ ግሣችንም ማሠሪያ ሆኖ በመጨረሻ ይመጣል። ስለዚህ ያንን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ በአማርኛ ላንብብ ያለ ሰው አፉ ይተሣሠራል። ከቀኝ ወደ ግራ ሲያነበው ግን እንዲህ ይላል፤ «12ን፣ 24ን፣ 48ንና 96ን፣ እነዚያ ለ2 ተካፍለው በሚተርፋቸው መርጠህ፣ ደምር»። ይህ ጥሩ አማርኛ ነው! ምልክቶቹ የሚሠሩበት ቅደም ተከተልና የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ቅደም ተከተል አንድ ሆነው ተገኙ። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚከብደው የኤ.ፒ.ኤል. አካሄድ ለእኛ የቋንቋችን መንገድ ነው፤ ግሣቸውን በመጨረሻ ለሚያስቀምጡት ለአብዛኞቹ የአገራችን ቋንቋዎችም እንዲሁ።

ነገሩ በአንድ ብርቅ የኮምፒዩተር ቋንቋ ብቻ የሚቀር አይደለም። በኳንተም መካኒክስ ሁለት ኦፕሬተሮች ተከታትለው ከአንድ የሞገድ ፈንክሽን በስተግራ ሲጻፉ ቀድሞ የሚሠራው ለፈንክሽኑ የቀረበው፣ ማለትም የቀኙ ነው። ይህን በየዓመቱ እናገራለሁ፤ በየዓመቱም ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ በፈተና ላይ ከግራ ይጀምራሉ። ለብዙ ጊዜ ይህን በትኩረት ማጣት እቆጥረው ነበር። አሁን የማምነው ሌላ ነው። ተማሪው መስመሩን በዓይኑ እንጂ በአፉ አንብቦት አያውቅም። አስተማሪውም ጠመኔውን ይዞ ወደ ሰሌዳው ዞሮ «ይህ ይህን ይሰጣል» እያለ ስለሚያልፍ፣ ተማሪው የሚሰማው ድምፅና የሚያየው ምልክት የተለያዩ ናቸው።

ተቃውሞዎች መኖራቸውን አልዘነጋም። ኔዘርላንዳዊው የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1975 በጻፈው ማስታወሻ ኤ.ፒ.ኤል.ን ፍጹምነቱ በስሕተት ላይ የቆመ ቋንቋ አድርጎ ነቅፎታል። ለመጻፍ እንጂ ለማንበብ አይሆንም የሚሉትም ብዙ ናቸው። በከፊል እስማማለሁ። እነዚያ ጡረተኛ ተመራማሪ ከመስመሩ አጠገብ «ለ መነሻውን እንደ ተሸከመ ነው» የሚል አንድ ሐረግ ጽፈው ቢሆን ኖሮ ሰባቱን ወር ባተረፍሁ ነበር። አይቨርሰን ራሱም ቢሆን ከሮጀር ሁዊ ጋር እ.ኤ.አ. በ1990 «ጄ» የተባለውን አዲስ ቋንቋ ሲያወጣ እነዚያን ውብ ምልክቶች ትቶ በተራ የቁልፍ ሰሌዳ ላይ ወደሚገኙት ነጥብና ሰረዞች ተመልሷል፤ እኔ እንደማየው ግን ንባቡ በዚህ አልቀለለም። ይሁን እንጂ ሁሉን በቃላት እንጻፍ ማለትም መፍትሔ አይሆንም። የእኩል ይሆናል ምልክት እንኳ ሮበርት ሬኮርድ የተባለው የዌልስ ሰው በ1557 በመጽሐፉ እስኪያወጣው ድረስ አልነበረም። እርሱም ሁለቱን ትይዩ መስመሮች የመረጠው ያንኑ ቃል ደጋግሞ መጻፍ ስላሰለቸው ነው።

አዲሱ ተቃውሞ ከተማሪዎቹ ራሳቸው የሚመጣ ነው። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በስልክ ላይ እያለ እኛ ስለምን ምልክት ስናነብ እንደክማለን ይላሉ። የቤት ሥራ ይዘው ይመጣሉ፤ ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ሦስተኛው መስመር ምን እንደሚል ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። መጻፉን መሣሪያው ከወሰደው ለሰው የቀረው ማንበቡ ነው። ሀ-ለ-መ የሚለውን መስመር ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲመልስ መሣሪያው እንደ እኔ ከተሳሳተ 610ን በሚያምር ሠንጠረዥ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ልክ 690 መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ በክፍሉ ከሌለ ስሕተቱ ወደ ሆስፒታል የጨረር መለኪያም ሊደርስ ይችላል።

የማቀርበው ሐሳብ አዲስ ኮርስ ወይም በጀት አይጠይቅም። በአንደኛ ዓመት የሂሳብና የፊዚክስ ትምህርቶች በሳምንት ሩብ ሰዓት ለንባብ ይሰጥ። አንድ መስመር ይጻፍ፤ ተማሪዎች ተራ በተራ ተነሥተው በሚያስቡበት ቋንቋ ጮክ ብለው ያንብቡት። ከዚያም መምህሩ በቃል ይናገር፣ ተማሪው በምልክት ይጻፍ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ «ዩኒቨርሲቲውን ቄስ ትምህርት ቤት ልታደርገው ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ባልደረባዬን አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ሳይለይ የሚያልፍ ልጅ ከስንት አንድ እንደ ሆነ፣ በእኛ ዘንድ ደግሞ የእኩልታ መስመር ማንበብ ሳይችል የሚመረቀው ስንት እንደ ሆነ ቢያስብልኝ ደስ ይለኛል።

በክፍሌ ሞክሬዋለሁ። ያቺ ከፊት የምትቀመጠው ተማሪ ሙሉውን መስመር በሁለተኛው ሙከራ አነበበችው። ደብተሩን የዘጋው ልጅ ከቀኝ ተነሥቶ እስከ ቅንፉ ድረስ ደኅና መጣና በሁለተኛው ሰረዝ ላይ ተሳሳተ፤ መራጭ አድርጎ አነበበው። ከሐረጉ መነሻ አስጀመርሁት፤ እንደ ገና ተሳሳተ። በሦስተኛው ሳምንት ሰረዙን አልፎ ድምሩን ተናገረ፤ ከዚያም «መምህር፣ ታዲያ 12ትን በግማሽ፣ 13ትን በእጥፍ ብናደርገውስ?» ብሎ ጠየቀኝ። እርሱንም በሰሌዳው ላይ ወጥቶ እንዲሠራው አደረግሁ፤ 12፣ 6፣ 3፣ 1 ብሎ ጀመረ።

በዚህ ሴሚስተር የአጋማሽ ፈተና ላይ ሀ-ለ-መን ከነቁጥሮቹ አስገብቼዋለሁ፤ ከግራ ሲነበብና ከቀኝ ሲነበብ የሚሰጠውን ውጤት፣ የትኛው ለየትኛው መሣሪያ ልክ እንደሚሆንም ጭምር እንዲያስረዱ። ጥያቄው አራት ነጥብ ይዟል። ባልደረባዬ ሁለት ይበቃዋል ይላል።